መልስ ሰጪው ፕሮግራምና የየቀበሌው ዕውቀት

የእርሻ ምክር ወቅቱን ካላገኘ ዋጋ የለውም። አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በአንድ ሳምንት ሁሉንም ማሳ ሊያዳርስ እንደማይችል የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ያውቃሉ። ይህንኑ ችግር ለማቃለል በጊዜው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2014 በ8028 የስልክ መስመር በአማርኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች የተቀዳ ምክር በነፃ ማሰማት ጀመረ። ደዋዩ ቁጥር እየተጫነ ሰብሉን ይመርጣል። በዚህም መስመር በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥሪዎች ተስተናግደዋል።

አሁን ደግሞ ቁጥር መምረጥ ሳያስፈልግ በጽሑፍ የተጠየቀውን የሚመልስ፣ ቻትቦት የተባለ ፕሮግራም በእጅ ስልክ ላይ እየተስፋፋ ነው። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2015 ለዚህ ሥራ በሩን ከከፈተ ወዲህ ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የተማረ ወጣት እንዲህ ያለውን ፕሮግራም በጥቂት ቀናት ሊሠራ ይችላል። በፓይተን የተጻፈ ትእዛዝ እንደ ተጻፈ ወዲያው ስለሚሠራ ስሕተቱን ማረም ቀላል ነው።

የአሠራሩ ጥበብ በአከፋፈሉ ላይ ነው። ዋናው ፕሮግራም እንደ ሞፈርና ቀንበር ነው፤ ጥያቄ ተቀብሎ ለሚመለከተው ክፍል ያስተላልፋል፣ መልሱንም ለጠያቂው ያደርሳል። የሩዝ፣ የድንች፣ የከብት ጤናና የገበያ ዋጋ ምክር ግን ለየብቻ ተጽፎ እንደ ማረሻ የሚሰካ ክፍል ነው። ማረሻው ሲዶለድም ነቅሎ መሳል ወይም መለወጥ እንጂ ሞፈሩን መጣል አያስፈልግም።

ይህ አከፋፈል ለደቡብ ጎንደር ትልቅ ጥቅም አለው። በፎገራ ሜዳ ሩዝ ይመረታል፤ ጉና ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ሲሆን በፋርታ ደጋ ገብስና ድንች ይዘራል። ለሜዳው የተነገረ የዘር ጊዜ ለደጋው ቢነገር የዓመት ልፋት ይባክናል። ዋናውን ፕሮግራም ከየትም ማምጣት ይቻላል፤ የጉናን ብርድና የፎገራን ውኃ የሚያውቀው ክፍል ግን እዚሁ ካልተጻፈ ከሌላ ቦታ አይመጣም።

ሌላው ሊጤን የሚገባው ነገር የማሽኑ አነጋገር ነው። በአሜሪካ ጆሴፍ ዋይዘንባም እ.ኤ.አ. በ1966 ይፋ ያደረገው ኤላይዛ የተባለው ፕሮግራም የተጻፈለትን ቃል እየገለበጠ ሲጠይቅ ሰዎች ችግራቸው የገባው መስሏቸው ነበር። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ከዚያ እጅግ የላቁ ቢሆኑም የማያውቁትን ጭምር እንደሚያውቁ አድርገው አሳምረው ሊመልሱ ይችላሉ። አንደበተ ርቱዕነት የዕውቀት ማረጋገጫ አይደለም።

ከዚህ አንፃር የማኅበራት መሪዎች ድርሻ ከፍተኛ ነው። በመጀመሪያ፣ አባሎቻቸው በየወቅቱ የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር መዝግበው ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ለምርምር ማዕከላት ማቅረብ ይገባቸዋል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ መልስ ማን እንዳረጋገጠውና መቼ እንደ ተጻፈ፣ ለደጋ ወይም ለወይና ደጋ መሆኑም ጭምር እንዲገለጽ መጠየቅ አለባቸው። ሦስተኛ፣ ስልክ የሌላቸው ገበሬዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ ምክሩ እንዳያመልጣቸው በስብሰባ ላይ ማስነበብ ያስፈልጋል።

የድንቹ ቅጠል ሲጠቁር ማሽኑ ማሳው ድረስ ሄዶ አያይም። ገበሬው ያየውን፣ ተመራማሪው ያረጋገጠውን በአንድነት ሲይዝ ግን ምክሩ በወቅቱ ይደርሳል።