የፕሮጀክት ሰነድና የሚሠራ ፕሮግራም

የመመረቂያ ፕሮጀክት ሰሞን በደረሰ ቁጥር በመካከላችን የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ሶፍትዌር በነባሩ በ«ፏፏቴ» ሥርዓት ይሠራ ወይስ «አጃይል» በሚባለው? ብዙዎች ነገሩን እንደ ፋሽን ይቆጥሩታል። በእኛ አስተያየት ግን ዋናው ጥያቄ ስሕተታችን የሚገለጥልን መቼ ነው የሚለው ነው።

በፏፏቴው ሥርዓት አስቀድሞ የተጠቃሚው ፍላጎት በሰነድ ይጻፋል፤ ቀጥሎ ንድፉ፣ ከዚያም ፕሮግራሙ፣ በመጨረሻ ፍተሻው ይከተላል። ውሃ ሽቅብ እንደማይፈስ ሁሉ ወዳለፈው ደረጃ መመለስ የለም። የሚያስገርመው፣ ይህን ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው ዊንስተን ሮይስ ራሱ በዚያው ጽሑፍ አካሄዱ ለውድቀት የሚያጋልጥ መሆኑን አስጠንቅቆ፣ ደንበኛው በሥራው መካከል እንዲገባበት መምከሩ ነው። ተከታዮቹ ሥዕሉን ወስደው ማስጠንቀቂያውን ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ዩታ የተሰበሰቡ 17 ባለሙያዎች የአጃይልን መግለጫ ሲያወጡ፣ ከሰነድ ብዛት የሚሠራውን ፕሮግራም አስበለጡ።

የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። የምርመራ መዝገቦቹን በኮምፒውተር ለመያዝ ያሠራው ፕሮግራም 170 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፈጀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 ተጣለ። በምትኩ የተጀመረው «ሴንቲነል»ም ተጓተተ። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ቢሮው ሥራውን በእጁ አስገብቶ በየሁለት ሳምንቱ እየከፋፈለ መሥራት ጀመረ፤ በ2012 ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ዋለ።

ይህን ስንል ዕቅድና ሰነድ ይቅር ማለታችን አይደለም። የልብ ምት የሚቆጣጠር መሣሪያን የሚመራ ፕሮግራም አስቀድሞ በጥብቅ ሊጻፍና ሊፈተሽ ይገባዋል። በየማለዳው ለ15 ደቂቃ ቆሞ መሰብሰብም ብቻውን ፋይዳ የለውም፤ ተጠቃሚው ካልተጠየቀ የድሮው ልማድ ስሙን ለወጠ ማለት ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ፕሮጀክታችን በአብዛኛው የሚመዘነው በሰነዱ ውፍረት ነው። ለአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ፕሮግራም እንሠራለን ብለን ተነሥተን፣ የካርድ ክፍሏን ሠራተኛ የምናገኛት አንድ ቀን፣ ለመጠይቅ ብቻ ነው። ሰነዱ ይጠረዛል፤ እኛ እንመረቃለን፤ እርሷ ግን ዛሬም ካርድ ፍለጋ መደርደሪያ ታገላብጣለች።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ከማርኩ ከፊሉ በየሦስት ሳምንቱ ለተጠቃሚው ቀርቦ ለሚታይ ሥራ ይሰጥ፤ የተጠቃሚው አስተያየትም ለፈታኞቹ ይድረስ። መምህራኖቻችን ቁጥጥሩ ይላላል ብለው ይሠጉ ይሆናል። ነገር ግን በዓመቱ መጨረሻ አንድ ጊዜ ከመፈተን በየሦስት ሳምንቱ መፈተን ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ወንድሞችና እኅቶች፣ ጉዳዩን በመጪው የማኅበራችን ስብሰባ እናንሣው።