ነፋስ በማን ምትክ ገባ?

ስለ ነፋስ ኃይል ሲነገር «ይህን ያህል ሺህ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስቀረ» የሚል ቁጥር ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ቁጥሩ ሲሰሙት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን እንዴት እንደ ተገኘ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። በእኔ አስተያየት ነፋስ ያስቀረውን ጭስ ለማወቅ፥ አስቀድሞ በማን ምትክ እንደ ገባ መጠየቅ ይገባል።

ለምሳሌ ሁለተኛውን የአዳማ የነፋስ ኃይል ጣቢያ እንውሰድ። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ጣቢያ ኃይሉ 153 ሜጋዋት ነው። ነፋስ ሁልጊዜ በእኩል ስለማይነፍስ የሙሉ ኃይሉን ሢሶ ብቻ ይሠራል ብለን ብናስብ፥ በዓመት 447 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ይህ ኃይል የድንጋይ ከሰል በሚያነድ ጣቢያ ምትክ ቢገባ፥ ከሰል ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ፥ 447 ሺህ ቶን ያህል ይቀራል። በዘመናዊ የተፈጥሮ ጋዝ ጣቢያ ምትክ ቢሆን ግን የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም። በውኃ ኃይል ምትክ ቢሆንስ? እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

እንግዲህ የአገራችን ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውኃ እንደሚመነጭ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ከሰል በሚያነዱ አገሮች የተሠራውን ሒሳብ ገልብጠን ለእኛ የነፋስ ጣቢያዎች ብንሰጥ፥ ራሳችንን እናታልላለን።

«ታዲያ ነፋስ ለእኛ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እጅግ ይጠቅማል። በብዙ ቦታ ነፋሳችን የሚበረታው በበጋ፥ የግድቦቹ ውኃ በሚቀንስበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ነፋሱ ሲሠራ ውኃው በግድቡ ይቆያል። የቆየው ውኃ መብራት እንዳይጠፋ ካደረገ፥ ባለሱቁ ጄኔሬተሩን አያስነሣም፤ ከእኛ ኤሌክትሪክ ለምትገዛው ለጅቡቲ ቢሸጥም፥ በዚያ ነዳጅ የሚያነዱ ሞተሮች ያርፋሉ። እውነተኛው ቅናሽ የሚገኘው በዚህ ነው፤ የሚቆጠረውም ሳይቃጠል በቀረው ነዳጅ ልክ ነው።

ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ ትንሹን ቁጥር መናገር አገርን ማሳነስ ይመስላቸዋል። እኔ ግን እንደዚያ አላስብም። ነገ መሐንዲስና ሹም ሆነን፥ የአገሪቱ ገንዘብ በነፋስ፥ በውኃ ወይም በፀሐይ ላይ ይዋል ብለን የምንወስነው እኛው ነን። በሐሰተኛ ሚዛን የመዘነ ሰው ደግሞ ምን ያህል እንደ ገዛ አያውቅም። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ትልቅ ቁጥር በሰማን ጊዜ ከማጨብጨባችን በፊት «በማን ምትክ?» ብለን እንጠይቅ።