የስንብት ወረቀት ስሕተትና የተጎጂ ወታደሮች ጡረታ በአሜሪካ

አንድ ወታደር ከሠራዊቱ ሲሰናበት ይዞት የሚወጣው ወረቀት የአገልግሎቱ ማስታወሻ ብቻ አይደለም። ጡረታው፣ ሕክምናው፣ የቤት ብድሩና ወደፊት የሚያመለክትበት ሥራ ሳይቀር በወረቀቱ ላይ በሰፈሩት ጥቂት ቃላት ይወሰናሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ የጦር ክፍሎች በሙሉ የሚጠቀሙበትና «ዲዲ 214» በሚል መጠሪያ የሚታወቀው የስንብት ሰነድ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በተለይ በጉዳት ምክንያት የተሰናበቱ ወታደሮች ሰነድ ላይ የሚፈጸም ስሕተት የዕድሜ ልክ ገቢን እስከ ማሳጣት የሚደርስ ሲሆን፣ ስሕተቱን የማሳረሙ ኃላፊነት በአብዛኛው በራሱ በተጎጂው ላይ የተጣለ መሆኑ ለበርካታ ዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል።

የ30 በመቶው ወሰን

የአገሪቱ ወታደሮች የጉዳት ጡረታ ሥርዓት መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1949 በወጣው የሠራዊት ደመወዝ ሕግ ነው። በሥራ ላይ ባለው ድንጋጌ መሠረት ከአገልግሎት በመጣ ጉዳት ብቁ አይደለም ተብሎ የሚሰናበትና 20 ዓመት ያላገለገለ ወታደር ጡረታ የሚያገኘው የጉዳቱ መጠን 30 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲመዘገብ ነው። ከዚህ በታች ከሆነ የሚሰጠው በአንድ ጊዜ ክፍያ የሚያበቃ ዳረጎት ሲሆን፣ ስሌቱም የሁለት ወር መነሻ ደመወዝ በአገልግሎት ዓመታት ተባዝቶ የሚገኝ ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። በወር 2,000 ዶላር መነሻ ደመወዝ እየተከፈለው ለ4 ዓመታት ያገለገለ ወታደር የጉዳቱ መጠን 20 በመቶ ነው ቢባል 16,000 ዶላር ተቀብሎ ይሰናበታል። 30 በመቶ ነው ቢባል ግን በወር 600 ዶላር ያህል ጡረታ ይታሰብለታል። ይህም በ27 ወራት ውስጥ ከዳረጎቱ የሚበልጥ ሲሆን ክፍያው ከዚያ በኋላም ይቀጥላል። ከዚህም በላይ ጡረተኛ የተባለው ወታደር ከነቤተሰቡ በሠራዊቱ የሕክምና ዋስትና የሚታቀፍ ሲሆን፣ ዳረጎት ተቀባዩ ይህን መብት አያገኝም። እንግዲህ በመዝገብ ላይ የሚታየው የ10 በመቶ ልዩነት በአንድ ቤተሰብ ኑሮ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ ቀላል አለመሆኑን መገንዘብ ይቻላል።

ስሕተቱ ከየት ይመነጫል?

የመጀመሪያው ምንጭ የጉዳቱ መጠን ከሚገባው በታች መመዝገቡ ነው። ሕጉ ለምሳሌ በጦርነት ሰበብ በሚደርስ ከባድ የአእምሮ ጭንቀት ምክንያት የሚሰናበት ወታደር ቢያንስ 50 በመቶ ጉዳት እንዲያዝለትና በስድስት ወር ውስጥ እንደገና እንዲመረመር ያዝዛል። ይሁን እንጂ ከአፍጋኒስታንና ከኢራቅ ከተመለሱት መካከል ብዙዎች ከዚህ በታች እየተመዘገበላቸው ተሰናብተዋል።

ሁለተኛው የስንብት ምክንያቱ ራሱ በስሕተት መጻፉ ነው። የአገሪቱ የመንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሪፖርት፣ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2001 እስከ ሰኔ 2007 ባለው ጊዜ 26,000 ያህል ወታደሮች «የባሕርይ መዛባት» በሚል ምክንያት መሰናበታቸውንና ከእነዚህም 2,800 ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለጦርነቱ ተሰማርተው የነበሩ መሆናቸውን አመልክቷል። የባሕርይ መዛባት ከአገልግሎት የመጣ ጉዳት ተብሎ ስለማይቆጠር ጡረታም ሆነ ዳረጎት አያስገኝም። በመሆኑም አንድ ሐኪም ከሁለት ስያሜዎች መካከል የሚመርጠው የወታደሩን የወደፊት መተዳደሪያ ይወስናል ማለት ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ማንም ሳይሳሳት የሚፈጠር ክፍተት ነው። ጉዳቱ ገና ያልረጋ ወታደር በመጀመሪያ በጊዜያዊ የጉዳት ጡረታ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በዚህ መዝገብ የሚቆይበት ጣሪያ ቀድሞ 5 ዓመት የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ወዲህ ለተመዘገቡት ወደ 3 ዓመት ዝቅ ብሏል። የስንብት ሰነዱ የሚሰጠው ወታደሩ ከመደበኛ አገልግሎት በሚለቅበት ዕለት በመሆኑ በላዩ ላይ የሚጻፈው «ጊዜያዊ» የሚል ቃል ነው። በኋላ ጡረታው ቋሚ ሲሆን ይህ የሚገለጸው በተለየ የትእዛዝ ደብዳቤ እንጂ አዲስ የስንብት ሰነድ በመስጠት አይደለም። ስለሆነም ሰነዱን ብቻ የሚመለከት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ባለጉዳዩን ጡረታው ያልጸና አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ባለጉዳዩ ሁለቱን ወረቀቶች አያይዞ ካልቀረበ በስተቀር በየመስኮቱ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

የማረሚያው መንገድ

እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ድረስ የአንድን ወታደር መዝገብ ለማሳረም የአገሪቱ ምክር ቤት በስሙ ልዩ ሕግ እንዲያወጣለት መጠየቅ የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው ምክር ቤቱን መልሶ የማደራጀት ሕግ ይህን አሠራር ከልክሎ ሥልጣኑን ለጦር ክፍሎቹ ሚኒስትሮች አስተላለፈ። ሚኒስትሮቹም ይህንኑ የሚፈጽሙት ሲቪሎች በአባልነት በሚቀመጡባቸው የመዝገብ ማረሚያ ቦርዶች አማካይነት ነው። የምድር ጦር፣ የባሕር ኃይልና የአየር ኃይል የየራሳቸው ቦርድ ያላቸው ሲሆን፣ የባሕር ወለድ ጦር አባላት አቤቱታ በባሕር ኃይሉ ቦርድ ይታያል።

እንደ ቀን፣ የስም ፊደል ወይም የተዘለለ ሜዳይ የመሳሰሉ ቀላል ግድፈቶች ቦርድ ሳያስፈልጋቸው በጦር ክፍሉ መዝገብ ቤት ሊታረሙ ይችላሉ። እርማቱም «ዲዲ 215» በተባለ ተጨማሪ ቅጽ ተጽፎ ከዋናው ሰነድ ጋር ይያያዛል። የስንብት ምክንያትን ወይም የጉዳት መጠንን የሚለውጥ ጥያቄ ግን ለቦርዱ መቅረብ አለበት። ማመልከቻው ስሕተቱ ከታወቀበት ጊዜ አንሥቶ በ3 ዓመት ውስጥ መግባት የሚኖርበት ሲሆን፣ ቦርዱ ለፍትሕ ይጠቅማል ብሎ ሲያምን ይርጋውን ሊያልፈው ይችላል። ሕጉ ከአቤቱታዎቹ 90 በመቶው በ10 ወር ውስጥ፣ ሁሉም ደግሞ በ18 ወር ውስጥ ውሳኔ እንዲያገኙ ያዝዛል።

የቦርዱ ሥልጣን ሰፊ ነው። እርማቱ በማጭበርበር የተገኘ ካልሆነ በስተቀር በሁሉም የመንግሥት ባለሥልጣናት ላይ የጸና ሲሆን፣ ቀድሞ ሊከፈል ይገባ የነበረ ገንዘብ ወደ ኋላ ታስቦ እንዲከፈል ያደርጋል። ችግሩ የሚመጣው ከማስረጃው ላይ ነው። ቦርዱ ሥራውን የሚጀምረው አስተዳደሩ ተግባሩን በአግባቡ ፈጽሟል ከሚለው ግምት በመሆኑ፣ ይህን የማፍረስ ሸክም በአመልካቹ ላይ ይወድቃል።

ማኅደሩ በመንግሥት እጅ ሲጠፋስ?

ይህ ሸክም ምን ያህል ከባድ ሊሆን እንደሚችል ያሳየው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1973 በሚዙሪ ግዛት፣ በሴንት ሉዊስ አቅራቢያ የሚገኘውን የሠራተኞች ማኅደር ማዕከል ያጋየው እሳት ነው። በዕለቱ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ የወታደር ማኅደሮች ወድመዋል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1912 እስከ ጥር 1960 የተሰናበቱት የምድር ጦር አባላት ማኅደር 80 በመቶው የጠፋ ሲሆን፣ ቅጂም ሆነ ማይክሮፊልም አልነበረውም። በዚህ የተነሣ መብታቸውን የሚጠይቁ አዛውንቶች አገልግሎታቸውን ከደመወዝ መክፈያ ሰነድ፣ ከሆስፒታል መዝገብና ከቆዩ ደብዳቤዎች እየለቀሙ ለማስረዳት ተገደዋል። ማኅደሩ የጠፋው በመንግሥት እጅ ሳለ የማስረዳቱ ድካም ግን ለባለመብቱ ቀርቷል።

መንግሥት የራሱን ሥራ ሲመረምር

ለዚህ ችግር የተለየ መፍትሔ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነበር። በዚያው ዓመት በጸደቀው የመከላከያ ሕግ መሠረት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 11 ቀን 2001 እስከ ታኅሣሥ 31 ቀን 2009 ባለው ጊዜ 20 በመቶና ከዚያ በታች ተይዞላቸው ያለ ጡረታ የተሰናበቱ ወታደሮችን ጉዳይ እንደገና የሚያይ ልዩ የግምገማ ቦርድ ተቋቋመ። ቦርዱ የተመዘገበውን መጠን ከፍ ማድረግ እንጂ ዝቅ ማድረግ የማይችል በመሆኑ አመልካቹ በማመልከቱ የሚደርስበት ጉዳት አልነበረም።

በዚያው ዓመት ደግሞ የ50 በመቶው ድንጋጌ አልተከበረልንም ያሉ ወታደሮች በጋራ ለፌዴራል የይገባኛል ጥያቄዎች ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2011 በስምምነት ሲያልቅ ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑት የዕድሜ ልክ ጡረታ ተወስኖላቸዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ስሕተቱ የአንድ ሰው ሳይሆን የአሠራር በሚሆንበት ጊዜ ተጎጂዎችን በተናጠል ከመጠበቅ ይልቅ መሥሪያ ቤቱ መዝገቦቹን በጅምላ ቢመረምር ውጤቱ የፈጠነና የተስተካከለ ይሆናል።

አዲሱ ክርክር

እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ የአእምሮ ጭንቀት ያለባቸውን የቀድሞ ወታደሮች አቤቱታ ቦርዶቹ በለዘበ ዓይን እንዲመለከቱ መመሪያ የሰጠ ሲሆን፣ በኋላም ይህ በሕግ ተደንግጓል። የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 በቬትናም ጦርነት ዘመን በባሕር ኃይል ያገለገለና እ.ኤ.አ. በ1968 የተሰናበተ አንድ አመልካች ያቀረበውን ይግባኝ ተመልክቶ፣ የስንብት ምክንያቱ ወደ ጉዳት ጡረታ ይለወጥልኝ ለሚል ጥያቄም ይኸው አስተያየት እንደሚሠራ ወሰነ። መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ባወጣው መመሪያ፣ ወታደሩ ለአገልግሎት ብቁ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው የሕክምና ጥያቄ ተለይቶ በተለመደው መመዘኛ እንዲታይ አዟል። ይህም ወረቀትን ማስተካከልና ጡረታን ማስገኘት ሁለት የተለያዩ ደረጃዎች ሆነው እንዲቀሩ አድርጓል።

የጊዜ ገደብን በተመለከተ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ የሚጠቀስ ነው። ከ20 ዓመት በታች ያገለገለ የጉዳት ጡረተኛ ከቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የጉዳት ካሳ ሲቀበል በዚያው መጠን ጡረታው ይቀነስበታል። ጉዳቱ ከውጊያ የመጣ ከሆነ ግን የተቀነሰበትን የሚተካ ልዩ ክፍያ ሊያገኝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ጡረታ የወጣ አንድ የባሕር ወለድ ጦር አባል ይህን ክፍያ የጠየቀው ከ10 ዓመት በኋላ በመሆኑ ወደ ኋላ የታሰበለት ለስድስት ዓመት ብቻ ነበር። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 2025 በሙሉ ድምፅ በሰጠው ውሳኔ የስድስት ዓመቱ ገደብ በዚህ ክፍያ ላይ አይሠራም ብሏል። ውሳኔው በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ የሚገኙ በሺዎች የሚቆጠሩ ጡረተኞችን ይመለከታል።

ጉዳዩ በአሜሪካ ለሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም ባዕድ አይደለም። የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ በሠራዊቱ መቀጠር የሚችል ሲሆን፣ በውትድርና አገልግሎቱ መሠረት ዜግነት በሚጠይቅበት ጊዜ የስንብቱ ዓይነት በክብር የተፈጸመ መሆኑ ይታያል። ስለሆነም ሰነዱን በተቀበለበት ዕለት እያንዳንዱን ሣጥን ማንበብና የሕክምና ማስረጃውን ቅጂ በእጁ ማቆየት በኋላ ከሚመጣ የዓመታት ምልልስ ያድነዋል።

በአጠቃላይ የአሜሪካው ተሞክሮ የሚያሳየው የማረሚያ ቦርድ መኖር ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። አቤቱታ የማቅረብ መብት ለሁሉም ክፍት ቢሆንም፣ የታመመ፣ ማስረጃው የጠፋበት ወይም መብቱን ያላወቀ ሰው በበሩ ላይ መድረስ ይሳነዋል። ከሁሉ የሚሻለው መዝገቡ በመጀመሪያው ቀን በትክክል መጻፉ ነው። ውሳኔው በኋላ ሲለወጥም ለውጡ በሌላ ደብዳቤ ብቻ ሳይወሰን ባለጉዳዩ በየመሥሪያ ቤቱ በሚያሳየው ሰነድ ላይ መስፈር ይኖርበታል። የግል ማኅደር የሚይዝ ማንኛውም መሥሪያ ቤት የያዘው የሌላ ሰው መተዳደሪያ መሆኑን ሊዘነጋ አይገባም።