በመጽሐፍ ዳር የተጻፈ ስም

መጽሐፍ የሚገዛ ሰው በውስጡ የተጻፈውን ነገር ይመረምራል፤ በዳርቻው የተጻፈውን ስም የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ደራሲ በገዛ እጁ ፈርሞ ለወዳጁ የሰጠውን የመጀመሪያ እትም ፈልጎ ማከማቸት በውጭ አገር የታወቀ ልማድ ነው። ለእኛም ነገሩ እንግዳ አይደለም። የብራና መጽሐፍ ሁሉ አንድ ለእናቱ ነውና፤ ያጻፈው ሰው፥ የጻፈው እጅ፥ የተሰጠበትም ደብር በላዩ ይመዘገባል። አንዳንዱም የጉልት ድልድል ይዟል።

የእነዚህን ጽሕፈቶች ዋጋ የደብረ ታቦር ሰው ከሌላው ይልቅ ሊያውቀው ይገባል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን በዘረፉ ጊዜ የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍት ወሰዱ፤ አሳባቸውም በመቅደላ ላሰቡት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ሊሰጡ ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ በጋፋት የተሠራውን መድፍ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ፤ ምርኮውም በደላንታ ሜዳ በጨረታ ተሸጠ። ከመጻሕፍቱ 350 የሚያህሉት ሎንዶን ወደሚገኘው ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ለመኑ። ምክንያታቸውም የአገሩ ሕግ፥ የሹማምንቱ፥ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአውራጃዎቹ ስም በመጽሐፉ ስለሚገኝ፥ ያለ እርሱ ሕዝቡ ትእዛዛቸውን እንደማይቀበል ነው። ሙዚየሙ ከመቅደላ ያገኘው ክብረ ነገሥት ሁለት ነበረና አንዱን በ1865 ዓ.ም. መለሰ፤ የመጻሕፍት ቤቱም ሹም ጆን ዊንተር ጆንስ መጽሐፉ ለኢትዮጵያ ንጉሥ እንደ ተመለሰ በላዩ ጻፈበት። ከብዙ ዘመን በኋላ መጽሐፉን ያዩ እንግዶች ማንነቱን የለዩት በዚሁ ጽሕፈት ነው። እንግዲህ ንጉሥ የፈለገውን መጽሐፍ ከሌላው የለየው ይህ ጥቂት መስመር ከሆነ፥ በቤታችን ያለውን እንዴት እንንቃለን?

የቀድሞ ጸሐፍት ይህን ያውቁ ነበር። በመጨረሻው ቅጠል በሚጽፉት ውግዘት መጽሐፉን የሚሰርቀውንና ጽሕፈቱን የሚፍቀውን በአንድ ቃል ያስሩ ነበር። ስም መፋቅ ባለቤቱን መግደል ነውና።

ዛሬም ፈተናው አልቀረም። ሻጭ የደብሩን ስም ፍቆ መጽሐፍ ቢያመጣላችሁ፥ የተፋቀውን ስፍራ በብርሃን ፊት ዘርግታችሁ ተመልከቱ፤ ብራናው የሳሳበት ቦታ ያጋልጠዋል። የደብር ስም ያለበትን መጽሐፍ ግን በምንም ዋጋ አትግዙ፤ ለደብሩ አለቃ አስታውቁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ከልክሏል።

የታተመ መጽሐፍም እንዲሁ ነው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. በሮማ ታትሟል፤ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም የመጻሕፍት ካታሎግ በ1904 ዓ.ም. ወጥቷል። ከእነዚህ አንዱን በደራሲው እጅ የተፈረመ ነው ብለው ቢያሳዩአችሁ፥ በፊርማው ያለው ዘመን ከእትሙ ዘመን በኋላ፥ ከደራሲውም ዕረፍት በፊት መሆኑን አስተውሉ፤ እጁንም ከታወቀ ደብዳቤው ጋር አስተያዩ።

በቤት ያለውን አባት ያወረሰውን መጽሐፍ ሲያስጠርዙ ዳሩን እንዳይቆርጡት፥ ጽሕፈት ባለበት ቅጠል ላይም ወረቀት እንዳይለጥፉበት ጠራዡን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ይገባል። ከእርጥበትና ከጢስም ይራቅ። መጽሐፉን ለልጅ ስናወርስም ማን እንደ ሰጠን፥ በየትኛው ዓመት እንዳገኘነው በሌላ ወረቀት ጽፈን አብረን እናኑር። ልጁ ገና ማንበብ ባይችል እንኳ፥ የአያቱን ስም በጣቱ እየዳሰሰ ያድጋል።