ሌሊት የሚተነፍስ ጎማ

በአማርኛችን ጎማ አየር ሲያጣ «ተነፈሰ» እንላለን። ሰው ከተነፈሰ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ጎማ ከተነፈሰ ግን አለቀለት። የወንድሜ ሞተር የኋላ ጎማ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ጠባይ ነበረው። ቀን ደህና ሆኖ ይውልና ሌሊት፣ ሁላችንም በተኛንበት ሰዓት፣ ድምፁን አጥፍቶ ይተነፍሳል። ጠዋት ስንነሳ ሆዱን መሬት ላይ ዘርግቶ ይጠብቀናል።

ወንድሜ የሚኖረው ባህር ዳር ነው። የግብርና ባለሙያ ስለሆነ ውሎው ገጠር ነው፤ ከቀበሌ ቀበሌ የምታደርሰውም ይህቺው ባለ ሽቦ ቸርኬ ሞተር ናት። እሱ ዘንድ በሰነበትኩባቸው ሦስት ሳምንታት የጠዋቱ ፕሮግራም አይለወጥም ነበር፦ ፊት መታጠብ፣ ፖምፓ ማውጣት፣ ሃምሳ ጊዜ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ላብ መጥረግ፣ ከዚያ ቁርስ። «ለምን አታሳየውም?» ስለው መልሱ አንድ ነው። «አንቺ ደግሞ! ትንሽ አየር ብቻ እኮ ነው የሚፈልገው።»

አንድ እሁድ ለቅሶ ልንደርስ ወጣን። እሱ እናታችንን ከኋላ አስቀምጧል፤ እኔ በባጃጅ እከተላቸዋለሁ። የእማዬ ነጠላ በነፋሱ ሲውለበለብ እያየሁ ፈገግ እንዳልኩ፣ ሞተሯ ኩርባው ላይ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረች። ወንድሜ እንደምንም ዳር አስያዛት። ማንም አልወደቀም፤ እግዜር ይመስገን። እማዬ ወርዳ ነጠላዋን አስተካከለችና «ልጄ፣ ይቺ ነገር ከታመመች የቆየች መሰለኝ» አለችው። እኛ ሦስት ሳምንት የተከራከርንበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋችው።

እኔም ዛሬ የምከራከረው ይህንኑ ነው። ቀስ እያለ ለሚተነፍስ ጎማ አየር መሙላት ጥገና አይደለም፤ ጥያቄውን ለነገ ማሳደር ነው። ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የሚነግሩን ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን ብለን እንድንጠይቅ ነው። ወንድሜ «ምን» ላይ ቆመ፦ አየር ጎደለ፣ ይሞላ። የት? ለምን? የሚሉትን ግን ሦስት ሳምንት በፖምፓ እየገፋ አሳደራቸው።

ለመሆኑ እነዚህ ባለ ሽቦ ቸርኬዎች ከሌላው በምን ይለያሉ? እያንዳንዱ ሽቦ ቸርኬው ላይ የሚታሰረው ቀዳዳ ውስጥ በምታልፍ ትንሽ ዳዶ ነው። ቸርኬው እንግዲህ ዙሪያውን እንደ ወንፊት የተበሳ ነው ማለት ነው። አየር ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ አየሩን የሚይዘው ውስጥ ያለው ከመነዳሪ ነው፤ ከመነዳሪውን ከሽቦዎቹ ጫፍ የሚጠብቀው ደግሞ በቸርኬው ዙሪያ የሚጠመጠም የላስቲክ ቀበቶ ነው። (ሽቦዎቹን ወደ ቸርኬው ጠርዝ አውጥተው ያለ ከመነዳሪ የሚሠሩ ውድ ሞተሮችም አሉ። የእኛ ሰፈር ሞተሮች ግን ባለ ከመነዳሪ ናቸው።)

ብዙዎቻችን የምንሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ወንድሜ ከለቅሶ ስንመለስ እልህ ያዘውና ጎማውን ነፍቶ የሳሙና ውሃ ረጨበት። በአንዷ ሽቦ ሥር አረፋ ተንተከተከ። «አገኘኋት! የምታስተነፍሰው ይቺ ሽቦ ናት!» ብሎ ሊያጠብቃት ካቻቢቴ አነሳ። ግን ከመነዳሪው የትም ይበሳ፣ የሚወጣው አየር በጎማውና በቸርኬው መሀል ሲዞር ቆይቶ ባገኘው ክፍተት ይወጣል፤ በሽቦ ሥር፣ በቫልቮላው ቀዳዳ፣ አንዳንዴም በጎማው ጠርዝ። አረፋው የሚነግረን አየሩ የወጣበትን በር እንጂ የተበሳውን ቦታ አይደለም። ወሬም እንዲሁ አይደል? የሰማንበት ቤት የተጀመረበት ቤት አይደለም።

ይህ ማለት ግን ሳሙና ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። አንድ ቦታ ላይ በትክክል ይመሰክራል፤ በቫልቮላው አፍ ላይ። ክዳኑን አውልቃችሁ አፉ ላይ የሳሙና ውሃ (ከሌለ ምራቅም ይሆናል) ጠብ አድርጉበት። አረፋ እየነፋ ከመጣ ጥፋቱ ውስጥ ያለችው ትንሿ መርፌ ናት። ወይ ላልታለች፣ ወይ አሸዋ ገብቶባታል። ማጥበቅ ወይም መቀየር በቂ ነው፤ ጎማውም አይወልቅም። ስለዚህ ሁሌም ከዚህ ጀምሩ።

ከዚያ በፊት ግን በእርግጥ እየተነፈሰ መሆኑን እወቁ። ማታ ሞተሯ ከቀዘቀዘች በኋላ ለኩና ጻፉት፤ ጠዋት ደግማችሁ ለኩ። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ የሞተር ጎማ ግፊት ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው እንጂ ቀዳዳ አይደለም። ከመነዳሪም ላስቲክ ነውና በሳምንታት ውስጥ ትንሽ ማጉደሉ አይቀርም። ማታ 28 የነበረው ጠዋት 26 ቢሆን አትደንግጡ። 15 ከሆነ ግን ፖምፓውን አስቀምጡና ወደ ጎሚስታ ሂዱ።

እኛም በማግስቱ ሄድን። ጎሚስታው በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ስጠይቃቸው መጀመሪያ ትንሽ ገረማቸው። «ልጄ፣ ልብስሽን ዘይት እንዳይነካብሽ» አሉኝ። «ግድ የለም ጋሼ፣ ቀዳዳዋን ማየት ፈልጌ ነው» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ግን ያስተማሩኝ ትምህርት እስካሁን አብሮኝ አለ። ጎማውን ከማውለቃቸው በፊት በቫልቮላው ትይዩ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ከመነዳሪውን አወጡና ሞላ አድርገው ነፉት፤ ውሃ ውስጥ እየነከሩ አዞሩት። ከአንድ ቦታ እንደ ክር የቀጠነ አረፋ ተከታትሎ ወጣ። እሳቸው ግን ወዲያው ማስቲሽ አላነሱም። ከመነዳሪውን ምልክቱ ወዳለበት መልሰው ጎማው ላይ አስተኙት። «አሁን ማን እንደወጋት ትነግረናለች» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ ቀዳዳ አድራሻ አለው። በውጭ በኩል፣ ጎማው በሚነካው ገጽ ላይ ከሆነ፣ የወጋው ከመንገድ የመጣ ነው፤ እሾህ ወይም ምስማር። ያንን ፈልጎ ሳይነቅሉ አዲስ ከመነዳሪ ቢያስገቡም ያው ነው። (ፍለጋው በጨርቅ ነው፤ በባዶ ጣት ከሆነ ጣት ይወጋል።) በውስጥ በኩል፣ በቸርኬው ገጽ ከሆነ፣ ጥፋተኛው ወይ የሽቦ ጫፍ ነው ወይ ቦታውን የለቀቀ ቀበቶ። ሁለት ቀዳዳ እንደ እባብ ንክሻ ጎን ለጎን ከሆነ፣ አየር ያነሰው ጎማ ድንጋይ መቶ ከመነዳሪው ተቆንጥጧል፣ ወይም ጎማ ሲገጠም ማውጫ ብረቱ ነክሶታል። ቫልቮላው ሥር ከተሰነጠቀ ደግሞ ጎማው አየር አንሶት ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ከመነዳሪውን ጎትቶታል።

የእኛው በውስጥ በኩል ነበር። አስገራሚው ግን አጠገቡ አሮጌ ልጥፍ ነበረ! ወንድሜ ትዝ አለው፤ ከሁለት ወር በፊት አንድ ጋራዥ የላሉ ሽቦዎችን አጥብቆለት ነበር። ሽቦዋ ስትጠብቅ ጫፏ ከዳዶዋ አልፎ ብቅ አለ፤ ቀበቶው ደግሞ አርጅቶ ተቀዷል። ከዚያ ከመነዳሪው ተበሳ፣ ሌላ ቦታ ተለጠፈ፣ ተመልሶ ገባ፣ ያቺው ሽቦ አጠገቡ ደግማ ወጋችው። የተለጠፈው ቀዳዳው እንጂ ምክንያቱ አልነበረም። ጋሼ የሽቦዋን ጫፍ በሞረድ አስተካከሉ፣ አዲስ ቀበቶ አደረጉ፣ ከመነዳሪውን አሻክረው ማስቲሹን በስሱ ቀቡና እስኪደርቅ ጠብቀው ለጠፉት። የቫልቮላዋን ዳዶም ቸርኬው ላይ አላጠበቋትም፤ ወደ ክዳኑ አስጠጓት። ጎማው ከተንሸራተተ ቫልቮላው ሲያዘም በዓይን ይታያል፤ ይህም ማስጠንቀቂያ ነው።

አሁን «ሥራ የሚበዛበት ሰው ለዚህ ሁሉ ጊዜ ከየት ያመጣል? አየር ርካሽ ነው!» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ቀስ ብሎ የሚተነፍስ ጎማ እስከ መጨረሻው ቀስ ብሎ አይቀጥልም። አየር ሲያንሰው ይተጣጠፋል፣ ይሞቃል፣ ቸርኬው ላይ ይንሸራተታል፤ ቫልቮላው ከሥሩ ሲበጠስ አየሩ በቅጽበት ይወጣል። የዚያን ቀን ከኋላ የተቀመጠው ሰው ማን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። በእኛ ቤት እማዬ ነበረች።

ሌላም የሚያስከፋኝ ነገር አለ። እኛ ለጎሚስታ የምንከፍለው ለለጠፈበት እንጂ ለመረመረበት አይደለም። ምክንያቱን ፈልጎ ግማሽ ሰዓት ያጠፋውና በአምስት ደቂቃ ለጥፎ የሸኘን እኩል ይከፈላቸዋል። ታዲያ ማን ይመረምራል? ሠራተኞቻቸውን በሞተር ገጠር የሚያሰማሩ መሥሪያ ቤቶችም የልጥፍ ደረሰኝ እየተቀበሉ ለአዲስ ቀበቶና ከመነዳሪ ሲጠየቁ «በጀት የለም» ማለታቸው ይብሳል። እኔ የምለው ቀላል ነው። ቀዳዳውን አሳየኝ በሉ፤ ምን እንደወጋው ጠይቁ፤ ለመለሰላችሁ ሰው ጨምራችሁ ክፈሉት። «ሴት ልጅ ጎሚስታ ቤት ምን ታደርጋለች?» የሚሏችሁ እህቶቼም አትፈሩ፤ ከኋላ የምንቀመጠው እኛ ነን።

የወንድሜ ፖምፓ አሁን ኮርኒስ ላይ አቧራ ይጠጣል። ጠዋት ሞተሯን ከማስነሳቱ በፊት ጎማዋን በአውራ ጣቱ ጫን ያደርጋታል፤ በየሳምንቱም ይለካል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ አይደል?

ቸር እንሰንብት!