ከደወሌ የመጣ ሰው ስለ ዓሣ

የተወለድሁት ደወሌ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበርና ልጅነቴን ያሳለፍሁት በጅቡቲ ድንበር፣ ሐዲዱና ጠጠሩ አብረው በሚግሉበት ሜዳ ላይ ነው። እዚያ ወንዝ ማለት አሸዋ ነው። በዓመት ጥቂት ቀን ደራሽ ውኃ ይመጣል፤ ያገኘውን ጠርጎ ያልፋል፤ በማግስቱ የሚቀረው ያው አሸዋ ነው። ዓሣ የማውቀው በቆርቆሮ ታሽጎ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ጣና ዓሣ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ያገባኛል ባይ ነኝ።

በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ለጉዳይ ባሕር ዳር ሄጄ ሳለ፣ አንድ ወዳጄ የጉማራ ወንዝ ከሐይቁ የሚቀላቀልበትን ስፍራ አሳየኝ። የፎገራ ሜዳ ውኃ ተኝቶበታል፤ ወንዙ ደፍርሶ ሞልቷል። በወንዙ አፍ ላይ መረብ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ከመረቡ የወጡት ነጭ ዓሣዎች ሆዳቸው በእንቁላል ተወጥሮ ነበር።

ያየሁት ምን እንደ ነበር የገባኝ ኋላ ሳነብ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ጣናን ከታችኛው ዓባይ ስለ ለየው፣ በሐይቁ ውስጥ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ተፈጥረዋል፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ አገር የላቸውም። 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ፤ መንጋጋቸው ግን ጥርስ አልባ ነው። ብዙዎቹ ክረምት በገባ ጊዜ እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው፣ ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ወቅት በአንድ ጠባብ በር ያልፋሉ። መረቡ የሚጠብቃቸውም እዚያው በር ላይ ነው። ከዚያ ያመለጠውን ደግሞ ላይኛው ወንዝ ውስጥ የተፈጨ የብርብራ ፍሬ ያደነዝዘዋል።

እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ እስኪገባ ድረስ፣ አጥማጁ በደንገል ታንኳ ከዳር ብዙ ሳይርቅ ነበር የሚያጠምደው። ተመራማሪዎች እንደ መዘገቡት ግን ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት የነጭ ዓሣው መጠን በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። ይህ ዓሣ ዘግይቶ ለመራባት የሚደርስ ነውና ጉዳቱ ቶሎ አይጠገንም። ስለ እንቦጭ አገር ሁሉ ጮኸ፤ መጮኹም ተገቢ ነበር። በወንዝ አፍ ስለሚዘረጋው መረብ ግን ማን ጮኸ? የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። አዋጅ ብቻውን ከውኃ ውስጥ መረብ አያወጣም።

እኔን የሚቆረቁረኝ በደወሌ ያደግሁበት ወግ ነው። የኢሳ አርብቶ አደር ለበጋ ያስቀመጠውን ግጦሽ በዝናብ ወቅት አይነካም። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ስለ አንድ ችኩል ሰው ሲናገሩ፣ «ያረገዘች ፍየል የሚያርድ ሰው የከርሞውን መንጋ ነው የሚያርደው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ውኃ የጠፋበት አገር ሰው ይህን ያውቃል፤ ውኃ የሞላበት አገር እንዴት ይረሳዋል?

ነገሩ ግን ለእኔ እንደሚቀለኝ ለአጥማጁ አይቀልም። በጉማራ አፍ ያገኘሁት ወጣት፣ «ጋሼ፣ ዓሣው እንቁላል እንደ ያዘ እኔም አውቃለሁ። ግን ልጆቼ ክረምቱን ምን ይብሉ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሳስበው ኖሬ ዛሬ የምለው ይህን ነው፤ ሐይቁ በሙሉ ይዘጋ አልልም። ቀረሶ እንቁላሉን ለመጣል ወንዝ አይወጣምና በሐይቁ ውስጥ እሱን ያጥምዱ። የወንዞቹ አፍ ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም ከመረብ ነጻ ይሁን። ጥበቃውም ለአጥማጆቹ ማኅበራት ይሰጥ፤ ለጠበቁበትም ይከፈላቸው። በባዶ ሆድ ዘብ መቆም ከማንም አይጠበቅም።

ልጅ ሳለሁ ደራሽ ሲመጣ እየሮጥን ወጥተን እናየው ነበር፤ ነገ እንደማይኖር እናውቅ ነበርና። ጣናን የሚወድ ሰውም ነጭ ዓሣውን እንዲህ ሮጦ ሊያየው የሚገባበት ቀን ሳይመጣ፣ በሩን እንክፈትለት።