የአሮጌው ጠመንጃ ዋጋና አደጋ

በኢትዮጵያ ገጠሮች ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ የተላለፉ ጠመንጃዎች ጥቂት አይደሉም። ወጨፎ፣ ስናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽርና ቤልጅግ የሚሉት ስሞች በቀረርቶና በፉከራ ሲነሱ የኖሩ፣ ከአርበኝነትና ከአገር መከላከል ታሪክ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ስሞቹ ራሳቸው የመሣሪያዎቹን መምጫ ይናገራሉ። ወጨፎ የጣሊያኑ ቬተርሊ፣ ውጅግራ የፈረንሳዩ ግራ፣ ቤልጅግ ደግሞ ከቤልጅየም ፋብሪካ የወጣው ጠመንጃ ነው።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት የእነዚህ መሣሪያዎች ታሪክ ያልተጠበቀ አቅጣጫ ይዟል። ዘመናቸው አልፎ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ በርካታ የጦር ጠመንጃዎች ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ገብተዋል። በዚያም የጣሊያን ካርካኖና ቬተርሊ እንዲሁም የቤልጅየምና የጀርመን ማውዘር ለሰብሳቢዎችና ለጠመንጃ ሠሪዎች በአደባባይ ለሽያጭ ቀርበዋል። አንዳንዶቹ የይሁዳ አንበሳ ምልክት እንደታተመባቸው ናቸው። በአገር ቤት እንደ አሮጌ ብረት የሚታይ ዕቃ በሌላ አገር ገዢ የሚሻማበት ለምንድን ነው? ይህስ በቤቱ የቆየ ጠመንጃ ላለው አርሶ አደርና የከተማ ነዋሪ ምን ትርጉም አለው?

አሮጌ ብረት ለምን ተፈለገ?

መልሱ የሚጀምረው ከጠመንጃው አሠራር ነው። ጠመንጃ ሰደፍ፣ አፈሙዝ፣ ቃታና ካዝና ቢኖረውም፣ ሕይወቱ ያለው መዝጊያውና መዝጊያው የሚቆለፍበት የብረት ቤት ላይ ነው። ሲተኮስ የሚፈጠረውን ኃይል የሚሸከመው ይህ ክፍል ነው። አፈሙዝ ቢያረጅ ይቀየራል፤ ሰደፍ ቢሰበር ከእንጨት ይጠረባል። የመዝጊያውን ቤት በሚገባ ለመሥራት ግን ጥሩ ብረት፣ ጥንቃቄ የተሞላበት የሙቀት ሕክምናና ትልቅ ፋብሪካ ይጠይቃል።

የጀርመኑ ፓውል ማውዘር ድርጅት በ1898 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጠመንጃ በዚህ ረገድ ተወዳዳሪ አልተገኘለትም። መዝጊያው ከፊት በሁለት ጥርሶች ይቆለፋል፤ ሦስተኛ ጥርስም ለመጠባበቂያ ከኋላ ተጨምሮለታል። የጥይት ቀለሃ ቢቀደድ ትኩሱ ጋዝ ከተኳሹ ፊት ርቆ የሚወጣበት ቀዳዳ ተበጅቶለታል። ይህ ንድፍ ከጀርመን አልፎ በቤልጅየም፣ በቼኮዝሎቫኪያ፣ በዩጎዝላቪያና በሌሎችም አገሮች ተመርቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ወታደር የታጠቀው አጭር ማውዘር ብቻ ከ14 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል።

ጦርነቱ ሲያበቃ ሠራዊቶች ወደ ራስ ሰር መሣሪያ ተሸጋገሩ። በእጅ እየተሳበ የሚጎርሰው ጠመንጃ መጋዘን አጣበበ፤ በርካሽም ወደ አሜሪካ ጎረፈ። አዳኝ የሆነ ሰው አዲስ የአደን ጠመንጃ ከመግዛት ይልቅ አሮጌውን የጦር መሣሪያ ገዝቶ፣ ለባለሙያ ሰጥቶ አፈሙዙንና ሰደፉን ማስቀየር ይረክሰው ነበር። በየከተማው ያሉ ጠመንጃ ሠሪዎች እንጀራቸው ከዚህ ሆነ።

ፋብሪካ የማያውቃት ጥይት

ከዚህ ሥራ ጋር አብሮ ያደገ ሌላ ሙያ አለ። አሜሪካኖች ‹ዋይልድካት› ይሉታል፤ ቃሉ የዱር ድመት ማለት ነው። የትኛውም ፋብሪካ ለገበያ የማያወጣት፣ አንድ ባለሙያ የነባር ጥይትን ቀለሃ ቅርጽ ለውጦ ለራሱ ጠመንጃ ብቻ የሚያበጃት ጥይት ማለታቸው ነው። አንዱ ለትንሽ አውሬ ፈጣንና ቀላል አረር ይፈልጋል፤ ሌላው ለትልቅ አውሬ ከባድ አረር ይመርጣል። ሁለቱም ፋብሪካ ያላሰበላቸውን በእጃቸው ለማግኘት ይጥራሉ።

የዚህ ዓይነት ሙከራ አብዛኛው ተረስቶ ይቀራል፤ ጥቂቱ ግን ፋብሪካ ይገባል። በ1906 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር ከተቀበለው ጥይት ቀለሃ በ1922 እ.ኤ.አ. የተወለደው ‹ሠላሳ አምስት ዌለን› ለአሥርተ ዓመታት የባለሙያዎች ጥይት ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ ሬሚንግተን የተባለው ፋብሪካ በ1980ዎቹ መጨረሻ ለገበያ አቀረበው። ይኸው ፋብሪካ በ1965 እና በ1969 እ.ኤ.አ. ሌሎች ሁለት የግል ባለሙያዎች ጥይቶችን በራሱ ስም ማምረት ጀምሯል። የግለሰብ ብልሃት የኢንዱስትሪ ምርት የሆነበት ታሪክ ነው።

ሙያው ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ በጥያቄ የተከበበ ነበር። አሮጌው ብረት አዲሱን ኃይል ይሸከማልን? ፓርከር አክሊ የተባለው ስመ ጥር አሜሪካዊ ጠመንጃ ሠሪ የልዩ ልዩ አገሮችን የጦር ጠመንጃ መዝጊያ እስኪፈነዳ ድረስ ሆን ብሎ እየፈተነ ውጤቱን በመጽሐፍ አሳትሟል። ብዙዎች በዝቅተኛ ዓይን ያዩት የነበረው የጃፓኑ አሪሳካ በፈተናው ከሁሉም ጠንክሮ ተገኘ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የመሣሪያ ጥንካሬ በስምና በዝና የማይለካ መሆኑ ነው።

ያማረ መልክ፣ የተደበቀ ጉድለት

ዘመናዊ የጠመንጃ ጥይት ሲተኮስ በቀለሃው ውስጥ የሚፈጠረው ጫና በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ወደ 4 ሺህ ኪሎ ግራም ይጠጋል። የቤት መኪና ጎማ የሚይዘው ጫና 2 ኪሎ ግራም ገደማ መሆኑን ለሚያስብ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። ይህ ሁሉ ኃይል የሚታገደው ከተኳሹ ፊት በጥቂት ጣቶች ርቀት ላይ ባለ ብረት ነው።

ወጨፎና ውጅግራ የተነደፉት ደግሞ ለዚህ ኃይል አይደለም። በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሠሩ የነበረው ባሩድ ጥቁርና ጭሳም፣ ጫናውም ከዛሬው በእጅጉ ያነሰ ነበር። ጣሊያን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መሣሪያ ሲያጥራት አሮጌውን ቬተርሊ ለአዲሱ 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲሆን አስለውጣለች። በችግር ቀን የተደረገ መላ ነበር። ዛሬ የዘርፉ አዋቂዎች ያን የተለወጠ ጠመንጃ በሙሉ ኃይል ጥይት መተኮስ አደገኛ መሆኑን ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ። ጥይቱ መግባቱ መሣሪያው ይችለዋል ማለት አይደለም።

የመንግሥት ፋብሪካ ያወጣው ጠመንጃም ቢሆን ከጉድለት ነፃ ላይሆን ይችላል። የአሜሪካ ጦር በ1903 እ.ኤ.አ. በተቀበለው የስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ ላይ የደረሰው ለዚህ ምስክር ነው። ሠራተኞች የብረቱን ግለት በዓይን እየገመቱ ያበስሉት ስለነበር፣ ከሚገባው በላይ የጋለው ብረት እንደ ሸክላ ተሰባሪ ሆነ። ጉዳዩ በ1917 እ.ኤ.አ. ጎልቶ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመትም አሠራሩ ተለወጠ። መለያ ቁጥራቸው ከ800 ሺህ በታች የሆኑት የስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ጠመንጃዎች ግን እስከ ዛሬ እንዳይተኮሱ ይመከራል። በመልክ ሲታዩ ከጤነኞቹ በምንም አይለዩም።

ሌላው አደጋ የጥይት መመሳሰል ነው። የማውዘር 8 ሚሊ ሜትር ጥይት አንድ ስም ይዞ ሁለት ልክ ነበረው። በ1888 እ.ኤ.አ. የወጣው አረር ውፍረቱ 8.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በ1905 ገደማ የተተካው ግን 8.2 ሚሊ ሜትር ነው። ቀለሃቸው በዓይን አይለይም። ወፍራሙን አረር በጠባቡ አፈሙዝ ማስወጣት ግን ጫናውን ወደ አደገኛ ደረጃ ያደርሰዋል። የፀጉር ያህል የቀጠነ ልዩነት እጅን ወይም ዓይንን ሊያሳጣ ይችላል።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

አገሮች ይህን አደጋ የሚመክቱበት መንገድ ይለያያል። በአውሮፓ በርካታ አገሮች ጠመንጃ ገበያ ከመውጣቱ በፊት በመንግሥት ዕውቅና ባለው የፍተሻ ቤት ከተለመደው በላይ ኃይል ባለው ጥይት ይፈተናል፤ ካለፈም ማኅተም ይመታበታል። ይህን ሥርዓት የሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን መሠረቱ የተጣለው በ1914 እ.ኤ.አ. ነው። በጀርመን አፈሙዙ ወይም መዝጊያው የተለወጠ ጠመንጃ እንደገና ወደ ፍተሻ ቤት መመለስ አለበት። በአሜሪካ ግን የግዴታ የመንግሥት ፍተሻ የለም። በ1926 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአምራቾች ማኅበር ልክና መጠን ቢያወጣም፣ በግል ባለሙያ እጅ የተበጀ መሣሪያ አደጋ በዋናነት የሚወድቀው በሠሪውና በባለቤቱ ትከሻ ላይ ነው።

የንግዱን በር የከፈተውና የዘጋው ደግሞ ፖለቲካ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ የተገደሉበት ጠመንጃ በፖስታ ትእዛዝ ከነመነጽሩ በ19 ዶላር ከ95 ሳንቲም የተገዛ የጣሊያን ካርካኖ ነበር። አሜሪካ በ1968 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ በፖስታ የሚደረገውን የመሣሪያ ሽያጭ ገደበች፤ የአሮጌ ጦር መሣሪያ መግባትንም አገደች። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን ለሰብሳቢዎች የሚሆኑ፣ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው መሣሪያዎች በሁኔታዎች እንዲገቡ ተፈቀደ። የኢትዮጵያ አሮጌ ጠመንጃዎች አትላንቲክን የተሻገሩት በዚህ በር ነው።

የተቆረጠ አይቀጠልም

በዚህ መካከል በገበያው ላይ ትልቅ ለውጥ ታይቷል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጠመንጃው እንደ ጥሬ ዕቃ ሲቆጠር፣ ሰደፉ ሲቆረጥ፣ ምልክቱ ሲፋቅ የከለከለ አልነበረም። ዛሬ ሰብሳቢዎች ይበልጥ የሚሹት ምንም ያልተነካውን ነው። ማኅተሙ፣ መለያ ቁጥሩና የሰደፉ ጠባሳ የታሪክ ማስረጃ ሆነዋል። የዛሬ ስልሳ ዓመት ‹ተሻሽሎ› የተቆረጠ ጠመንጃ በአብዛኛው ካልተቆረጠው ያነሰ ዋጋ ያወጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ለማሳመር የተደረገው ዋጋውን አጥፍቶታል።

ይህ ለኢትዮጵያ ከንግድ በላይ የሆነ ትርጉም አለው። አገሪቱ መሣሪያ ያገኘችው በቀላሉ አልነበረም። በ1890 እ.ኤ.አ. የብራሰልሱ ስምምነት ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ ገደበ። በ1930 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር የተፈራረመችው ውል የመሣሪያ ግዢዋን በቁጥጥር ሥር አደረገው። በእነዚያ ዘመናት ወደ አገር የገባ እያንዳንዱ ጠመንጃ የዲፕሎማሲና የመሥዋዕትነት ታሪክ ያዘለ ነው። የአድዋ ድል መታሰቢያ በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. ተመርቆ በተከፈተበት ጊዜ፣ የዚያው ታሪክ ቁሳዊ ምስክሮች በሌላ አገር መደርደሪያ ላይ መገኘታቸው ማሰብን ይጠይቃል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የመጠበቅና ከአገር እንዳይወጣ የመከላከል መሠረት ጥሏል። ከአሮጌዎቹ ጠመንጃዎች የትኛው ቅርስ፣ የትኛው የሚወገድ ንብረት እንደሆነ በባለሙያ መለየት ግን ከመሸጥ በፊት የሚቀድም ሥራ ነው።

በየቤቱ ላለው ጠመንጃም ሁለት ነገሮች አብረው መታየት ይኖርባቸዋል። የመጀመሪያው ሕግ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ላይ አስሯል። ከአባት የተወረሰ መሆኑ መሣሪያውን ከዚህ አያወጣውም። ሁለተኛው ደኅንነት ነው። ምንጩ ያልታወቀ ጥይት፣ ዝገት የበላው አፈሙዝ ወይም በየመንደሩ ብረት ቀጥቃጭ የተለወጠ መዝጊያ ለባለቤቱም ለጎረቤቱም ሥጋት ነው። ፋብሪካ፣ መሐንዲስና የፍተሻ ቤት ያላቸው አገሮች እንኳ በስህተት የተጎዱበትን ሥራ በግምት መሞከር ጀግንነት አይደለም።

አሮጌ ጠመንጃ በቤቱ ያለ ሰው ሊያደርገው የሚችለው ከሁሉ የሚጠቅም ነገር ብዙ ወጪ የለውም። መሣሪያውን ሳይቆርጥና ሳይፍቅ፣ ጥይት ሳይጎርስ፣ በሕጉ መሠረት አስመዝግቦ ማስቀመጥ ነው። በላዩ የተጻፈውን ምልክትና ዓመት፣ ከማን እንደተወረሰና የት እንደዋለ የሚያውቁት አዛውንት ሳያልፉ ታሪኩን መጻፍ ደግሞ የብረቱን ያህል ዋጋ አለው። አዲስ አፈሙዝ ከፋብሪካ ይገዛል፤ የአዛውንቱ ትዝታ ግን አንዴ ካለፈ ከየትም አይገኝም።